ቀዩ ጨርቅ ወርዶ ነበር

ለባለቤቴ ለአስካለ፤

እጄ ልማዱን ይዞ «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል» ብሎ ጀምሮ ነበር። ሰረዝሁት። አንቺ ካለሽበት ሲታይ ጤናው የሚጠየቀው እኛ የቀረነው ነን እንጂ አንቺ አይደለሽም። ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። የሙት ዓመትሽን ልጃችን ሰብለ እንደ ወጉ አወጣችልሽ፤ ካህናቱ ፈቱሽ፤ ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ መረቀ። ጠላው ትንሽ ቀጥኖ ነበር፤ ማንም አላለም፤ እኔ ግን ፊትሽ ቢሆን ምን ትይ እንደነበር አውቃለሁ። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ መቃብርሽ አጠገብ ብቻዬን ቆምሁ። ልነግርሽ ያሰብሁትን ነገር እስከ ከንፈሬ አደረስሁትና ዋጥሁት። ዝናቡ መጣ ብዬ ነው የሄድሁት። ዝናቡ የመጣው እኔ ቤት ከገባሁ በኋላ ነበር።

ስለዚህ በወረቀት ይሁን አልሁ። ፊደሌን ታውቂዋለሽ። የማታ ትምህርት እየሄድሁ አራተኛ ክፍል ስጨርስ ደብተሬን አይተሽ «ፊደሎችህ ከጠላ ቤት የወጡ ይመስል እርስ በርስ ይጋፋሉ» ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። አሁንም ይጋፋሉ፤ ታገሺኝ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ሰብለ በግንቦት ሴት ልጅ ተገላገለች። አፍንጫዋ ያንቺ ነው፤ ቁጣዋም ያንቺ እንዳይሆን እየተባለ ይሳቃል። ጌሾሽ ደርቆ ነበር፤ ቆረጥሁት፤ ከሥሩ ደግሞ አቆጠቆጠ። ጣራው ከአልጋችን በአንቺ በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። ቆርቆሮውን እስካስቀይር ድረስ ሳህን አስቀምጬበታለሁ። ሰብለ «አልጋውን ወደዚያ ብታስጠጋው ምን አለ፣ አባዬ» ትለኛለች። አላስጠጋሁትም። ጠብታው ሳህኑ ላይ ሲያርፍ አንድ ሰው አጠገቤ ያለ ይመስለኛል።

እኔም አሁንም እዚያው ጎታች መኪናው ላይ ነኝ። በቀለ አሁንም ካቧችን፣ የሥራ አለቃችን ነው፤ እንደ ድሮው መሪውን ይዞ ያዝዘናል፣ ይቆጣናል። ቱሉ መጋዘኑን ይጠብቃል። የእንጨት እግሩን በሩ ላይ ዘርግቶ ይቀመጥና ለሚገባው ሁሉ «እኔ ጫማ የምጨርሰው በግማሽ ነው» እያለ ያስቃል። ሁሉም ሰው ሲስቅ እኔ መፍቻ የምፈልግ መስዬ ወደ ውስጥ እገባለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ መፍቻ ስፈልግ ኖርሁ።

ነገሬ የቱሉ እግር ነው፣ አስካለ። ነገሬ አንቺ የሰፋሽው ቀይ ጨርቅ ነው።

ለምን እንደዋሸሁ ለማስረዳት ከሥሩ ልጀምር፤ ለማመካኘት ግን አይደለም። የተጋጨና የተገለበጠ መኪና ከመንገድ የምናነሣ ሰዎች ማን እንደሆንን የሚናገር አንድ መስመር ሕግ ያኔ አልነበረም። ፖሊስ ይጠራናል፤ እንሄዳለን፤ ሰንሰለቱን እናስራለን፤ እንጎትታለን። ነገር ሲበላሽ ግን ጥፋት የሚያርፈው አጠገቡ በተገኘ ሰው ላይ ነው፤ ከእኛ ይልቅ ለጥፋት ቅርብ ሆኖ የሚገኝ ሰው ደግሞ የለም። በቀለ ከገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ አውቶቡስ ስቦ ያወጣ ጊዜ ምን እንደደረሰበት አስታውሺ። ባለ አውቶቡሱ ሊያመሰግን ነው ብለን ስንጠብቅ «ገደል ቢገባ ኖሮ የእግዜር ቁጣ ነው እል ነበር፤ በሩን ያጣመማችሁት ግን እናንተ ናችሁ» ብሎ ከሰሰው፤ በቀለ ሁለት ሳምንት ታሰረ። ስንቁን ያመላለስሽው አንቺ ነበርሽ። ሌላ ቀን ጉርድ ሾላ አጠገብ ሰው ገጭቶ የቆመ መኪና ልናነሣ ስንደርስ የሟቹ ዘመዶች ገዳዮቹ እኛ መሰልናቸውና በድንጋይ ተቀበሉን። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ያሽሽው አንቺ ነሽ።

ከሚመጣው መኪና የሚያድነን ያ ጨርቅ ብቻ ነበር። ከሾላ ገበያ ገዝተሽ፣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፈሽ የሰፋሽልኝ። ቱሉ መኪናው ሥር ገብቶ ሰንሰለት ሲያስር፣ በቀለ ጎታቹን ሲያንቀሳቅስ፣ እኔ መታጠፊያው ላይ ቆሜ ጨርቁን እይዛለሁ። ከፍ ሲል ቁም ነው፤ ሲወርድ እለፍ ነው። ይህንን ማንም በወረቀት አላሰፈረውም፤ የመንገድ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነበር። አንቺ ነጭሽን ለብሰሽ በጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሽ፤ እኔም ልከተልሽ ነጠላዬን አንሥቼ ነበር። በቀለ በር ላይ መጥቶ ጠራኝ። ከኮተቤ ወጣ ብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ኮረብታ ግርጌ ባለው መታጠፊያ ላይ፣ ባሕር ዛፍ የጫነ ትልቅ መኪና ተንሸራቶ ግማሹ ቦይ ገብቷል፤ ኋላው መንገድ ዘግቷል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ እንደ ሳሙና ነበር።

ቱሉ ጆንያ አነጠፈና በሆዱ ተኝቶ ሥሩ ገባ። እኔ መታጠፊያው ላይ ቆምሁ። ከሰንዳፋ በኩል እህል የጫነች ትንሽ የጭነት መኪና መጣች። ጨርቁን ከፍ አደረግሁ፤ ሾፌሩ ቆመ። ደኅና ሰው ነበር። ሳይጮኽ፣ ጡሩንባ ሳይነፋ፣ ሞተሩን እንዳስነሣ ጠበቀ። በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ዛሬ ሚካኤል እንኳ ሥራ አይፈታችሁም?» አለኝ። «እሱ ራሱ ነው የላከን» አልሁት። ስሙ መርዕድ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ በፍርድ ቤት ነው።

ያን ጊዜ ከኮረብታው ላይ ደወሉ ተደወለ። ከበሮው ተከተለ፤ ከዚያም የሴቶቹ እልልታ ቁልቁል ወደ እኛ ወረደ። ታቦቱ ወጣ ማለት ነው። በመካከሉ ያንቺን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ መጨረሻ ላይ ከፍ አድርገሽ የምትቆርጪውን። ከልጅነቴ ጀምሮ ታቦት ሲወጣ ቆሜ አላውቅም። ላስብበት አልሁ ብል ውሸት ነው፤ ያሰበው ጉልበቴ ነው። ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፤ ጨርቁን በእጄ እንደያዝሁ ግንባሬን መሬት አስነካሁ።

ቀና ስል የመኪናዋ ኋላ አልፎኝ ነበር።

ጨርቁ ወርዶለት ሄደ። ምን ያድርግ? መታጠፊያውን ሲዞር ቱሉን አየ፤ ፍሬን ያዘ፤ ጎማው ግን ጭቃውን ይዞ ተንሸራተተ። የሰማሁት ድምፅ ትልቅ አልነበረም። ደረቅ እንጨት በጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ነው። ቱሉ አልጮኸም፤ በአፋን ኦሮሞ እናቱን ጠራ፣ ዝግ ብሎ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ ያለች ያህል።

ፖሊሱ መጥቶ በቀለን ጠየቀ። በቀለ እኔን አየኝ፤ እኔ ጨርቁን አየሁት። በዚያች ቅጽበት የበቀለ ሁለት ሳምንት እስር፣ የጉርድ ሾላው ድንጋይ ሁሉ በፊቴ አለፈ። ማንም የማያዝንልን ሰዎች ነን፤ እውነቱን ብናገር ሦስታችንንም ጠራርጎ ይወስደናል አልሁ። እንዲህ ነው ለራሴ የነገርሁት። «ከፍ ብሎ ነበር» አልሁ። በቀለ ለመታጠፊያው ጀርባውን ሰጥቶ ነበርና አላየም፤ አመነኝ።

መርዕድ ፍርድ ቤት ቆሞ ያለው አንድ ቃል ነው። «ወረደልኝ፤ ሲወርድልኝ ሄድሁ።» ደጋግሞ ይህንኑ አለ። እኔ ወንጌል መትቼ ማልሁ። ዳኛው «ጨርቁ ወርዶ ነበር ወይስ አልወረደም?» ሲሉኝ «አልወረደም» አልሁ። እንዳያንስብኝ ብዬ ማንም ሳይጠይቀኝ «ሚካኤል ምስክሬ ነው» ጨመርሁበት። ሊመሰክርብኝ በሚችለው በራሱ ነው የማልሁት፣ አስካለ። ያን ቃል ያመጣሁት ዳኛው እንዲያምኑኝ ነው፤ አመኑኝም። መርዕድ ሁለት ክረምት ታሰረ፤ መንጃ ፈቃዱም ተነጠቀ። ሲወስዱት አልረገመኝም። ዞር ብሎ የቆሸሸ መስተዋት ውስጥ የሚያይ ይመስል ትክ ብሎ አየኝ።

አንቺ ምን ያህል ታውቂ እንደነበር ነው ስድስት ዓመት ያላስተኛኝ።

በአደጋው ዕለት ሱሪዬን አጠብሽው። ሁለቱም ጉልበቶቹ ላይ ክብ ክብ ጭቃ ነበረ፤ ጨርቁም ከላይ ሳይሆን ከጫፉ እስከ መካከሉ ጭቃ ነበረ። የቆመ ሰው እንዲህ አይቆሽሽም። አጥበሽ አሰጣሽው። ግንባሬን ራሴ ታጥቤ ነበር የገባሁት፤ ጉልበቴን ግን ረስቼው ነበር። መርዕድ በተፈረደበት ሳምንት ገበያ ወጥተሽ ሌላ ቀይ ጨርቅ ገዛሽ። የጨርቁን አንድ ጎን እንደ እጅጌ አድርገሽ ሰፋሽው፤ ረጅም የወይራ ዘንግ አስገባሽበት፤ የዘንጉን ጫፍ አንጥረኛ ዘንድ ወስደሽ የሾለ ብረት አስገጠምሽለት። መሬት ላይ ሲተክሉት ብቻውን ይቆማል። «ይህን ያህል ምን አደከመሽ?» ብዬ ጠየቅሁሽ።

«ይኸኛው አይሰግድም» አልሽኝ።

ምን ማለትሽ እንደሆነ ገባኝ፤ ያልገባኝ መስዬ «ዱላ መቼ ይሰግዳል» ብዬ ሳቅሁ። አንቺ አልሳቅሽም። ክሩን በጥርስሽ በጠስሽና መርፌውን ቦታው ላይ ሰካሽ። በዕድሜዬ ብዙ ነገር አሳፍሮኛል፤ እንደዚያ ሳቄ ያለ ግን የለም። በር ከፍተሽልኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ቀልድ አድርጌ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ አብረን መቁረባችንን ተውሁ። አንድ ጊዜ ሆዴን አሞኛል፣ አንድ ጊዜ ሥራ አለብኝ እላለሁ፤ አንቺ ብቻሽን ትሄጃለሽ። አንድም ቀን «ለምን?» አላልሽኝም። ከታመምሽ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ «የዚያን ሰውዬ ሚስት ሾላ ገበያ አየኋት፤ ከስታለች» አልሽኝ። የማንን ሰውዬ ብዬ እንድጠይቅሽ ጠበቅሽ። መድኃኒትሽን ልስጥሽ ብዬ ተነሣሁ። አንቺም ወደ ግድግዳው ዞርሽ። እንደዚያ እንደዞርሽ ሳንነጋገርበት ሄድሽ።

አሁን የሆነውን ስሚ። ባለፈው ወር በቀለ እየሳቀ መጣ። በቀለ ሲስቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? የተሳካ ነገር አለ ማለት ነው። የተጋጨ መኪና ለሚያነሡ ሠራተኞች ደንብ ሊወጣ ነው አለን። ፖሊስ ጠርቶን የምንሠራ ከሆነ እንደ ወንጀለኛ አንታሰርም፤ መኪናውን ለማዳን ስንጎትት የተጣመመ በር አይጠየቅብንም፤ ሥራ ላይ ስንሆን ማንም ድንጋይ ቢያነሣብን ፖሊስ ላይ እንዳነሣ ይቆጠራል። ቀዩን ጨርቅ ጥሶ የሚያልፍ ሾፌር ደግሞ ያለ ምሕረት ይቀጣል። ስንመኘው የኖርነው የሕግ ከለላ ይኸው ነው። ደስ ሊለኝ ሲል በቀለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ረቂቁ ላይ የጻፉት የእኛን ነገር ነው። የቱሉን እግርና ያንተን ምስክርነት። ቀርበህ እንድትናገር ትፈለጋለህ፤ ጨርቁንም ይዘህ ና» አለኝ።

በእኔ ውሸት ላይ ሕግ ሊሠሩ ነው።

ቤት ገብቼ ሳጥንሽን ከፈትሁ። ሁለቱም ጨርቆች አሉ፤ የመጀመሪያው ታጥቦ ታጥፏል፤ ሁለተኛው ዘንጉ ላይ እንደተጠቀለለ ከሳጥኑ ኋላ ቆሟል። እውነቱን ከተናገርሁ «ይኸው፣ ራሳቸው ናቸው ሰው የሚያስጨርሱት» ይሉና ከለላው ሁሉ ይቀራል፤ በቀለ ነገም ይታሰራል፤ ሌላ ሰው ነገም በድንጋይ ይመታል። ዝም ካልሁ ከለላው ይወጣል፤ መርዕድ ግን ለዘላለም ቀይ ጨርቅ የጣሰ ሰው ሆኖ በሕግ ወረቀት ላይ ይቀራል። ሦስት ቀን እህል አልቀመስሁም፤ ሐሳቤን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ እየጾመ ነው ተባልሁ። ይህም አሳፈረኝ።

በመጨረሻ መጀመሪያ ለቱሉ ልንገረው አልሁ፤ እግሩ የእሱ ነውና። መጋዘኑ በር ላይ አጠገቡ ተቀመጥሁ። በአፋን ኦሮሞ ሲያቆላምጠኝ «ያ ደምሴ» ነው የሚለኝ። «ያ ደምሴ፣ ዛሬ መፍቻ አትፈልግም?» አለኝ። አንገቴን ደፋሁ። ከየት እንደምጀምር ስፈልግ እሱው ቀደመኝ።

«ያን ዕለት በሆዴ ተኝቼ፣ ፊቴ ወደ አንተ ነበር» አለ። «የጫማህን ሶል አየሁ። ቀኙ ተቀዶ ነበር። የቆመ ሰው የጫማው ሶል አይታይም።»

ስድስት ዓመት ያውቅ ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። የእንጨት እግሩን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና «ይኼ ከተናገርሁም ካልተናገርሁም አይበቅልም። ደግሞ ያኔ ሁላችንንም ያስሩን ነበር። በኋላ ደግሞ አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁ። አንተ ስትሰግድ ፈጣን ነህ፤ ስትናገር ነው የምትዘገየው» አለኝ። ቀልዱ እንደ ጅራፍ ነው የመታኝ። ይቅር አልሁህ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ብቻ ስነሣ «ጨርቁን አትርሳ። ሁለተኛውንም» አለ። ሁለተኛውን ማን እንደሰፋው ያውቃል።

በቀጠሮው ቀን ሁለቱንም ይዤ ከበቀለ ጋር ሄድሁ። ጠረጴዛው ዙሪያ ደንቡን የሚያረቅቁት የተማሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። የሚመራው ባለ መነጽር ሰው ትሑት ነው፤ «አቶ ደምሴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። ቆሜ ልናገር አልሁ። ተናገርሁ። ደወሉን፣ ጉልበቴን፣ ወንጌሉን፣ ሚካኤል ምስክሬ ያልሁትን። ስጨርስ በቀለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «አቃጠልኸን» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ በጥርሱ መካከል። ተከፍቶ ነው፤ አልፈርድበትም። ከዚያን ቀን ወዲህ የሚያናግረኝ በሥራ ብቻ ነው።

ባለ መነጽሩ ብዕሩን አስቀመጠ። በሐሰት መመስከሬን ለፍርድ ቤት ማሳወቅ ግዴታው እንደሆነ ነገረኝ፤ አውቃለሁ አልሁት። ከዚያም «ይኼ ሁለተኛው ምንድን ነው?» አለ። አሳየሁት። ሁላቸውም ተነሥተው ተከትለውኝ ግቢው ወጡ። ዘንጉን አፈሩ ላይ ተከልሁት፤ እጄን ለቀቅሁ። ነፋስ ነበር፤ ጨርቅሽ ተዘረጋ፤ ዘንጉ ግን ንቅንቅ አላለም። አንደኛው ሰው በእጁ ገፋ አደረገው። «ማን ነው ያሰበው?» ሲሉኝ «ባለቤቴ ናት» አልሁ። «ለምን እንዲህ አደረገችው?» አሉኝ። «የሚሰግድ ባል ስላላት ነው» አልሁ። ሊስቁ ብለው ፊቴን አይተው ተዉት።

ረቂቁ እንደገና ተጽፏል አሉ። የእኛ ጉዳይ ወጥቶ በምትኩ ጨርቁ በሰው እጅ ሳይያዝ ከአደጋው ቦታ ፊትና ኋላ መሬት ላይ ይተከል፤ ተተክሎ እያለ የሚያልፍ ይቀጣል፤ ሳይተከል ሥራ የጀመረ ቡድን ከለላ የለውም የሚል ገብቷል። ይጽደቅ አይጽደቅ አላውቅም። ስምሽ የለበትም። እኔ ግን አንቀጹን ሲያነቡልኝ የክርሽን ስፌት ነው ያየሁት።

የቀረኝ መርዕድ ነበር። ጉርድ ሾላ አጠገብ ጎሚስታ ሆኗል፤ እሱ የማይነዳውን የሰው መኪና ጎማ ሲለጥፍ ይውላል። ስደርስ የተነፋ የጎማ ከመነዳሪ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ቀና ሲል አወቀኝ። እጁ ውኃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። «ጨርቁ ወርዶ ነበር» አልሁት፤ ስንት ቃል አዘጋጅቼ ሄጄ ሌላው ሁሉ ጠፋኝ።

«ወርዶ ነበር?» አለኝ፤ የማያውቅ ይመስል።

«ወርዶ ነበር። ሰግጄ ነበር። ያወረድሁት እኔ ነኝ።»

ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ዞር ብሎ ወደ ጓዳው ጮክ አለ። «አንቺ፣ ነይ ውጪ። ወርዶ ነበር ይላል። ሰምተሻል? ራሱ መጥቶ ወርዶ ነበር ይላል።» ሚስቱ ወጣች። አንቺ ከስታለች ያልሻት ሴት ናት። እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቆመች፤ እኔን አላየችም፤ ባሏን ነው ያየችው። ለካስ ዳኛው ብቻ አልነበሩም ያላመኑት። ስድስት ዓመት ሙሉ ቤቱ ውስጥ እንደ ውሸታም ነው የኖረው። እኔ እውነቱን ከምታውቅ ሚስት ጋር ዝም ብዬ ስኖር፣ እሱ እውነቱን እየተናገረ ከማታምነው ሚስት ጋር ይኖር ነበር። ሴትዮዋ በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

መርዕድ «ይህንን ጻፍልኝ» አለኝ። ማመልከቻ ጸሐፊ አላስፈለገኝም፤ እነዚሁ የሚጋፉ ፊደሎቼ በቂ ነበሩ። ፈርሜ ሰጠሁት። ደረት ኪሱ ውስጥ አስገባውና «አሁን ሂድ» አለኝ። ሄድሁ። ከዚያ በላይ የሚገባኝ አልነበረም።

የፍርድ ቤቱ ጥሪ ደርሶኛል፤ ለመጪው ሳምንት ነው። ብታሰር ሰብለ ሳህኑን እየደፋች እንድትጠብቅ ነግሬአታለሁ። ምን እንዳደረግሁ ሰምታ አለቀሰች፤ ከዚያ «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ። «ታውቅ ነበር» አልኋት። ስለ አንቺና ስለዚያ ቀን ሳልዋሽ ለልጃችን የተናገርሁት የመጀመሪያው ቃል ነው።

ንስሐ ገብቻለሁ። የነፍስ አባቴ ስለ ስግደቱ ምንም አላሉኝም። ስለ ሳቄ ስነግራቸው ግን እንድደግምላቸው ጠየቁኝ። ቀኖናዬን ሰጥተውኛል፤ ስጨርስ እቆርባለሁ፤ ብቻዬን።

ይቅር በይኝ ለማለት ነው ይህን ሁሉ የጻፍሁት፤ እዚህ ስደርስ ደግሞ ቃሉ ከበደኝ። መልስሽ ያኔ በመርፌና በክር ተሰጥቶኛል፤ ያልተቀበልሁት እኔ ነኝ። አሁን ተቀብያለሁ። ቢያስሩኝም ስወጣ፣ ባያስሩኝም ከነገ ጀምሮ፣ በሄድሁበት መታጠፊያ ሁሉ ዘንግሽን አስቀድሜ እተክላለሁ። ደወሉ ሲደወል፣ እልልታው ከኮረብታው ሲወርድ፣ ብረቱ መሬት መያዙን በእጄ ነቅንቄ አያለሁ። ሥሩ የተኛውን ሰው አያለሁ፤ የቆመውን ሾፌር አያለሁ። ከዚያ እሰግዳለሁ። ጨርቅሽ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እኔም ወድቄ ስነሣ መጀመሪያ የማየው እሱን፣ መጀመሪያ የማስበው አንቺን ነው።

ባልሽ
ደምሴ